ስሙ ላይ የተቆረጠው ዘፈን

የዓመቱን ምርጥ አልበም እጩዎች ያዳመጥኩት ልስቅባቸው ብዬ ነበር። አራቱ አላሳፈሩኝም። አምስተኛው ላይ ግን የመጨረሻው ዘፈን ሲያልቅ ሳቄን አፌ ውስጥ እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ስልኬ የተበላሸ መስሎኝ ነካካሁት። ወደኋላ መልሼ ሰማሁ። ደግሜ መለስኩ። በሦስተኛው ያገኘሁት በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ።

ነገሩን ከመነሻው ላስረዳ። አንድ የአዲስ አበባ የሬዲዮ ዝግጅት በየዓመቱ ለአንድ አልበም ሽልማት ይሰጣል። ከዳኞቹ ሌላ ስለ ሙዚቃ የሚጽፉ ጥቂት ሰዎች በእጩዎቹ ላይ ያላቸውን አስተያየት በድምፅ ቀርጸው እንዲልኩ ይጋበዛሉ። ዘንድሮ «ከሱዳን በኩልም አንድ ሰው ይኑር» ተባለና እኔ ጋ ደረሱ። ገዳሪፍ ተቀምጬ በኢንተርኔት የማወጣቸው መጣጥፎች ብዙ አንባቢ አላቸው፤ አብዛኞቹ የሚያነቡኝ ሊሰድቡኝ ነው። ተሳዳቢ ደግሞ እስከ መጨረሻው ያነባል፤ ከወዳጅ ይሻላል።

የመጀመሪያው እጩ አሥራ አንድ ዘፈን አለው፤ አሥራ አንዱም ስልክ ስላላነሣች አንዲት ልጅ ነው። እኔም ብሆን አላነሣለትም። ሁለተኛው የአንድ አንጋፋ ድምፃዊ መመለሻ ነው ተባለ፤ ተቀባዮቹ ከመብዛታቸው የተነሣ ሰውየው መመለሱን ያወቅኩት ከሽፋኑ ፎቶ ነው። ሦስተኛው ማሲንቆን ከኮምፒውተር ከበሮ ጋር አጋብቷል፤ ሙሽራዋ ስታለቅስ ትሰማለች። አራተኛው ስለ አገር ነው። ስለ አገር የተዘፈነን አልበም መጥፎ ነው ማለት ያስጠይቃልና ዳኞቹ እሱን ይመርጣሉ ብዬ በማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ።

አምስተኛው ራህማ የምትባል ልጅ አልበም ነው። እዚሁ ሱዳን፣ ሾዋክ አጠገብ ባለው የስደተኛ ሰፈር ተወልዳ ያደገች፣ ጦርነቱ ሲመጣ በመተማ በኩል አድርጋ አዲስ አበባ የገባች ናት። ድምጿ ቀጭን ነው፤ አዘፋፈኗም ጥድፍ ጥድፍ ይላል፤ እያንዳንዱ ቃል የሚቀጥለውን የሚያባርር ይመስላል። ተንታኞቹ ይህን «የድንበር ስልት» ብለው ሰይመውታል። አንዱማ ከጥንታዊ ዜማ ጋር አዛምዶ የዘር ሐረግ ቆጠረለት። የመጨረሻው ዘፈን «ነበር» ይባላል። በየስንኙ በስደት መንገድ ላይ የቀረ አንድ ሰው በስሙ ይጠራል።

ከጓንግ ወንዝ ማዶ፣ ከድንጋዩ ሥር፣
የተውናት እናታችን፣ ስሟ ጥሩ ነበር።

«ጥሩ» የእናቲቱ ስም ነው፤ ሦስት ሰው እንዲህ ይጠራል። አራተኛው ላይ ሲደርስ፣

አትባራ ወንዝ ዳር፣ ከግራሩ ሥር፣
የተውኩት ወንድሜ፣ ስሙ—

ይልና ቀጥ ይላል። ከበሮ የለ፣ ማሲንቆ የለ፣ አልቋል። የሬዲዮው ተንታኝ ስለዚህ ዝምታ ሲያወራ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። «እንዲህ ያለ ደፋር ዝምታ በሙዚቃችን ተሰምቶ አያውቅም» አለ።

ደፋሩ እኔ ነኝ። ያንን ዝምታ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ፣ በስድሳ ደቂቃ ካሴትና በአንዲት ቀጭን ካቻቢቴ። «የድንበር ስልት» የተባለውም የኔ ነው።

ጡረታ ወጣሁ ብዬ አላወራም። ጡረታ የወጣው ሥራው ነው፤ እኔ እንደቆምኩ ጥሎኝ ሄደ። ካሴት መገልበጥ የሚባል ሙያ እንደነበረ የዛሬ ልጆች አያውቁም፤ ስነግራቸውም እንደ ፈረስ ጫማ ሠሪ ያዩኛል። ስለዚህ ከዚህ በፊት ጽፌው የማላውቀውን የሥራ ዘመኔን ለመጻፍ ተገደድኩ።

የመጀመሪያ ሥራዬ ሾዋክ፣ የስደተኞች ቢሮ ውስጥ ነበር። እህል በሚታደልበት ቀን በድምፅ ማጉያ ስም እጠራ ነበር። ደመወዙ ለሲጋራ ይበቃል፤ ወረቀቱ ለአንድ መንግሥት ይበቃል። አለቃችን ሙዲሩ ደግ ሰው ነበር፤ የሚያናድደው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ስም አታጣጥም» ይለኛል። «ጥራና እለፍ። ሰልፉ ረጅም ነው።»

ጠርቶ ማለፍን ከሱ ተማርኩ። መጥፎ ነገር በደንብ ከሚማሩባቸው ቤቶች አንዱ ያ ቢሮ ነበር። ሁለት ዓመት ጠርቼ ካለፍኩ በኋላ ገዳሪፍ ሄጄ ኡስታ ኑሩ ሱቅ ተቀጠርኩ።

ሱዳኖች የእጅ ሙያ ያለውን ሰው ኡስታ ይሉታል። ኡስታ ኑሩ የጭልጋ ሰው ናቸው፤ በረሃቡ ዘመን ቤተሰባቸውን ይዘው ተሻገሩ፤ ከእህል ገበያው ጀርባ ባለች ጠባብ ሱቅ ስድስት ቴፕ ደርድረው ካሴት ይገለብጡ ነበር። ማንበብ አይችሉም፤ እኔ ደግሞ ሽንኩርት የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳይቀር የማነብ ሰው ነበርኩ። ስለዚህ ስሜን ትተው «አንባቢው» አሉኝ። በሳቸው አፍ ምስጋና አልነበረም።

ልማዳቸውን አንድ በአንድ ማስታወስ እችላለሁ። ጠዋት ከሁሉ አስቀድመው በጥጥ ላይ ስፒርቶ ያንጠባጥቡና የቴፑን ራስ፣ ክሩ የሚያልፍባትን ያችን ትንሽ ብረት፣ እንደ ሕፃን ዓይን ይጠርጋሉ። ከዚያ ካሴት ያስገቡና ራሷን የያዘችውን ብሎን በካቻቢቴ በጣም ቀስ ብለው ያዞራሉ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው «ስ» የሚለው ፊደል እስኪጠራ ይጠብቃሉ። «‹ስ› ከጠራ ሌላው ራሱ ይመጣል» ይላሉ።

አዲስ ቅጂ የሚወጣበትን ዋና ካሴት ሲያገኙ መጀመሪያ የሚያደርጉት ጥርሷን መስበር ነው። ካሴት ከጀርባዋ በኩል ሁለት ትናንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች አሏት፤ እነሱ ከተሰበሩ ቴፑ ላይዋ ላይ ሌላ ነገር ሊቀዳባት አይችልም። ኡስታ ኑሩ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ቀጭ ያደርጓቸዋል። «አሁን ማንም አይደፍራትም» ይላሉ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ልማዳቸው ግን ካሴትን ከመጨረሻው መስማታቸው ነው። አንድ ቅጂ ሲያልቅ ሁለቱንም ጎን ወደ ጫፉ ያጠነጥኑና የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች ያዳምጣሉ። መጀመሪያውን አይነኩትም።

«መጀመሪያውማ ገዥው ራሱ ይሰማዋል» ይላሉ። «ካሴት የሚሞተው ከጫፉ ነው። መጨረሻውን ሳትሰማ አትሽጥ።»

አንድ ዘፈን በጎኑ ላይ ካልበቃ ሙሉውን ያወጡታል እንጂ አይቆርጡትም። «ሙሉ ዘፈን ይቅር። ግማሽ ሰው አይሸጥም።» አንድ ቀን ደግሞ ጠየቁኝ፦

«አንተ አንባቢው፣ መጽሐፍስ ከመጨረሻው ይነበባል?»

«አይነበብም፣ ኡስታ።»

«ለዚህ ነው ሁሉም ጀምሮ የሚተወው።»

አሁን ስለ «ኸፊፍ» ልንገራችሁ፤ ያለሱ ታሪኩ አይገባም። ደንበኞቻችን ከሁሉ በላይ የሰሊጥ አጫጆች ነበሩ። ወደ ዶካና ወደ ሀዋታ እርሻ በሎሪ ሲጫኑ ካሴት ይዘው ይሄዳሉ። ሠራተኛ የሚቀጥረው ወኪል ደግሞ አንድ ነገር ያውቃል፤ እጅ ዘፈን ይከተላል። ዘፈኑ ከፈጠነ አጫጁም ይፈጥናል። ስለዚህ ወኪሎቹ «ኸፊፉን ስጡን» ይሉናል፤ ቀላሉን፣ ፈጣኑን ማለታቸው ነው። የምናደርገውም ይህ ነው፦ ዋናውን ካሴት የሚያጫውተው ቴፕ ሞተር ከጀርባው ቀዳዳ አለው፤ ቀዳዳው ውስጥ ብሎን አለ፤ ብሎኗን በካቻቢቴ ስታዞራት ሞተሩ ይፈጥናል። ድምፁም ይቀጥናል። ኡስታ ኑሩ አይወዱትም፤ እንጀራ ስለሆነ ግን ሩብ ዙር ይፈቅዳሉ። «ከሩብ ካለፈ ሰውየው ወፍ ይሆናል» ይላሉ።

የ«ነበር»ን ባለቤት እትዬ ደብሬን ያመጧቸው ኡስታ ኑሩ ናቸው። ሾዋክ አጠገብ ከሚኖሩበት የስደተኛ ሰፈር ልቅሶ ላይ ሲያንጎራጉሩ ሰምተዋቸው ነው። ያኔ አርባ ዓመት ግድም የሆናቸው፣ ረዥም፣ ቀልደኛ ሴት ነበሩ። ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቀልን፤ ንፋስ ማራገቢያው ስለሚጮህ አጠፋነው። የገዳሪፍ ቀትር ነው፤ ሁላችንም በላብ ታጠብን። አንድ ማሲንቆ መቺ አብሯቸው ነበር። እኔ የድምፁን ልክ የሚያሳየውን መርፌ እንድጠብቅ ታዘዝኩ። ጠበቅኩ። ጠንቅቄ ያየሁት መርፌውን ነው፤ የሰማሁት ነገር ግን የለም። ይህን አስታውሱልኝ።

«ነበር» የመጀመሪያው ጎን የመጨረሻ ዘፈን ነበር። እግሩ እንደቆሰለ ሰው ቀስ እያሉ ዘፈኑት። ሲጨርሱ ኡስታ ኑሩ ቴፑን አልዘጉም። ክሩ ባዶውን ይሽከረከራል።

«ለምን አይዘጉትም?» አልኩ በምልክት።

«ገና እየሄደች ነው» አሉኝ በሹክሹክታ፣ በአገጫቸው ወደ እትዬ ደብሬ እያመለከቱ።

ዋናው የተቀዳው በዘጠና ደቂቃ ካሴት ላይ ነው። ጥርሷ ተሰበረ። ገበያ ላይ የነበረው ባዶ ካሴት ደግሞ የስድሳ ብቻ ነበር። ኡስታ ኑሩ «የትኛው ዘፈን እንደሚወጣ እስክወስን አትንካት» ብለውኝ ለቀብር ዶካ ሄዱ።

እሳቸው እንደወጡ ወኪሉ ገባ። ሁለት ሎሪ ሰው ለሀዋታ ጭኗል፤ ቀትር ላይ ይነሣሉ። «አዲሷን ሴትዮ» አለኝ። «ኸፊፍ። ለእያንዳንዱ ሎሪ ሁለት፣ ለኔም አንድ።»

አሰብኩ። ሰው ብዙ ካነበበ ለማንኛውም ስሕተት ምክንያት አያጣም። ፍጥነቱን ብጨምር ዘፈኖቹ ያጥራሉ፤ ካጠሩ ሁሉም ይበቃሉ፤ አንዱን ማውጣት ለምን ያስፈልጋል? ሩብ የነበረውን ግማሽ ዙር አደረግኩት። ስድስቱን ቴፖች አስነሣሁ። የመጀመሪያው ጎን ሲያልቅ ካሴቶቹ ቀጭ ቀጭ ብለው ቆሙ። መጨረሻቸውን አልሰማሁም። ሎሪው ውጭ ጥሩምባ ይነፋል።

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። የሁለተኛው ሎሪ ነጂ መጣና ለሱ አንድ ጎደለ። ባዶ ካሴት አልቋል፤ ለሱቁ ያስቀረሁትን አንድ ቅጂ ደግሞ ለሚቀጥለው ኸፊፍ እፈልገዋለሁ። መደርደሪያው ላይ ዋናዋን አየኋት። መጽሐፍ ታትሞ ከወጣ በኋላ ረቂቁ ምን ያደርጋል? ብዬ አሰብኩ። ከሲጋራ ፓኮ የብር ወረቀት ቀድጄ በተሰበረው ጥርሷ ቦታ ጠቀጠቅኩና ከቅጂዎቹ አንዱን ላይዋ ላይ ቀዳሁባት። ከሥር የተረፈው ቦታም እንዳይባክን የሠርግ ዘፈን ሞላሁበት። ቆጣቢ ሰው ነበርኩ።

ኡስታ ኑሩ ሲመለሱ ለሱቁ ያስቀረሁትን አንድ ቅጂ አነሡ። እንደ ልማዳቸው ወደ ጫፉ አጠነጠኑ። «ስሙ—» አለ ካሴቱ። ቀጭ።

«ዋናዋን አምጣ።»

«ዋናዋ ሄዳለች፣ ኡስታ።»

አልጮሁም። ቁጭ ብለው ካሴቱን መዳፋቸው ላይ አገላበጡት። «ስሙን ታስታውሰዋለህ?»

አላስታወስኩም። እኔ መርፌውን ነበር የማየው።

«እኔም አላስታውስም» አሉ። «ካሴቱ ያስታውሰዋል ብዬ።»

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እትዬ ደብሬ ሱቁ በር ላይ ቆሙ። ሾዋክ ገበያ ላይ ከቆመ ሎሪ ራሳቸውን ሰምተው ነው የመጡት።

«አንተየ፣ ይቺ የምትዘፍነው የማን ልጅ ናት?»

«እርስዎ ነዎት፣ እትዬ።»

«እኔ? ምን አሯሯጠኝ? ጅብ ተከተለኝ?»

ሱቁ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። «መሮጡንስ ልሩጥ። ወንድሜን ስሙ ላይ ስደርስ ምን ዋጠው?»

«ማሽኑ ነው፣ እትዬ። መብራት ተቆራርጦብን…»

ከጀርባዬ የኡስታ ኑሩ ድምፅ መጣ። «ማሽን አይደለም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ደብሬ። ተቀመጭ፣ እንደገና እንቅዳው።»

እትዬ ደብሬ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን አዩ። «ሙት ሁለቴ አይቀበርም» ብለው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ በቴፕ ፊት ዘፍነው አያውቁም።

ኡስታ ኑሩ ነገሩን ዳግም አላነሡብኝም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሱቁ የሚወጣውን ካሴት ሁሉ መጨረሻ የምሰማው እኔ ሆንኩ። ቅጣት እንዳይመስለኝ ሻይ ያስመጡልኝ ነበር። መጨረሻ ብቻ እየሰማሁ ዓመታት ኖርኩ፤ ዛሬም ስለ አንድ አልበም ክፉ የምናገረው ከዚያ ልማድ ነው፤ እኔ የማውቀው የነገሮችን ማለቂያ ነው።

ሌላው የሁሉም ሰው ታሪክ ነው። ሲዲ መጣ። ኡስታ ኑሩ አንዱን አንሥተው አገላብጠው «ጫፉ የት ነው?» አሉና መልሰው አስቀመጡት፤ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ሱቁ ለኔ ቀረ። ከሲዲ ቀጥሎ ስልክ ላይ ዘፈን መጫን መጣ፤ ሺህ ዘፈን በአንድ ጥፍር በምታህል ካርድ፤ ማንም መጨረሻውን አይሰማም። በመጨረሻ ዘጋሁት። ዛሬ ቤቱ የሳተላይት ኢንተርኔት በሰዓት ይሸጥበታል፤ ከካርቱም የተፈናቀለው ሰው ዘመዱን ለማግኘት በሩ ላይ ይሰለፋል። መጣጥፎቼን የምልከውም ከዚያው ነው። በገዛ ሱቄ ሰልፍ እይዛለሁ።

እንግዲህ በዚያ በር ላይ ቆሜ ነው አዲስ አበባ ለራህማ የደወልኩት። ቁጥሯን የሬዲዮው ሰዎች ሰጡኝ።

«ጋሼ፣ ልትሰድበኝ ነው አይደል?» አለችኝ ገና ስሜን ስነግራት። «ዋላሂ የጻፍከውን ሁሉ አነባለሁ። ብትሰድበኝ ለእናቴ ነው የምነግራት።»

«የ‹ነበር›ን መጨረሻ ከየት አመጣሽው?»

«ከካሴት ነዋ። የእናቴ ካሴት። የሕዝብ ዘፈን ነው፣ ያኒ፣ የማንም አይደለም። እንዲህ ነው የሚያልቀው።»

«አያልቅም። እኔ ነኝ የቆረጥኩት። ባለቤትም አለው።»

ሁሉንም ነገርኳት፤ ካቻቢቴውን፣ ግማሽ ዙሩን፣ የሲጋራውን ወረቀት። ሱዳን ያደጉ ልጆች ሲደነግጡ ዐረብኛ ይቀድማቸዋል፤ «ሱብሃን አላህ» አለች። ከዚያ፦

«የኔ ድምፅ ማለት… ያ አሯሯጥ… የሞተር ነው?»

«የሞተር ነው።»

«እኔ እኮ እሷን ለመምሰል ጉሮሮዬ ደም እስኪል ነው የተለማመድኩት!» ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ቆመ። «ኻሎ» አለችኝ፤ ሱዳኖች የእናት ወንድም የሚሉበት ጥሪ ነው፤ «አንተ ሎሪ ላይ ተሳፍረህ አታውቅም፣ አይደል?»

«ካሴቱን እሸጣለሁ እንጂ አልሳፈርም ነበር።»

«ለዚህ ነዋ። ‹ስሙ› ሲል ቀጭ ይላል። ያኔ ሎሪው ላይ ያለ ሰው ሁሉ የራሱን ሰው ስም ይጠራል። ጮኾ። አንዱ ልጁን፣ አንዷ እናቷን። እናቴ አባቴን ትጠራለች። የአባቴን ስም የለመድኩት እዚያ ላይ ነው፣ ቤትማ አይነሣም። ሁሉም ጠርቶ ሲያበቃ ነጂው ካሴቱን ይገለብጠዋል። እኔ ስሙን ያልዘፈንኩት ደፋር ሆኜ አይደለም። ለሰው ቦታ ትቼ ነው።»

ሠላሳ ዓመት ያፈርኩባት ቁራጭ በየሎሪው ላይ እንዲህ ያለ ሥራ ስትሠራ ኖራለች፤ እኔ ሠሪዋ አልሰማሁም። አንባቢው!

«ስሙ ግን ማን ነበር?» አለች ራህማ።

«አላውቅም።»

«ሴትዮዋስ፣ አሉ?»

እሱንም አላውቅም ነበር። ከገዳሪፍ ሾዋክ በአውቶቡስ ሄደው በቀኑ ይመለሳሉ። ሠላሳ ዓመት።

«ሐሙስ ከሰዓት እጩዎቹ በሬዲዮ በቀጥታ እንዘፍናለን» አለችኝ። «ከዚያ በፊት ስሙን አምጣልኝ።»

«ዳኞቹ የወደዱት ዝምታውን ነው። ስሙን ካስገባሽበት ሽልማቱ…»

«ኸላስ፣ እሱን ለኔ ተወው። ሰውየው ስም አለው እያልከኝ ዝም ልበል?»

በማግሥቱ ሾዋክ ወረድኩ። እትዬ ደብሬ በሕይወት አሉ። ዳስ ሥር ቁጭ ብለው የሚደርቅ ባሚያ ይከትፋሉ፤ ጀርባቸው ጎብጧል፣ ዓይናቸው ግን ያው ነው።

«አንተ የካሴቱ ልጅ አይደለህም? ሸብተሃል እኮ።»

«ሸበትኩ፣ እትዬ።»

«እኔ ጋ ስትመጣ ነው የሸበትክ? በል ተቀመጥ።»

ስልኬን አውጥቼ የራህማን «ነበር» አጫወትኩላቸው። ትንሽ ሰሙና ሳቃቸው ፈነዳ። «ይቺም ትሮጣለች! ያ ጅብ ዛሬም አልለቀቃትም?» ሦስቱ ሙታን ሲጠሩ አብረው ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። «ስሙ—» ሲል ቢላዋቸው ባሚያው ላይ ቆመ።

«እትዬ» አልኩ፣ «ያኔ ማሽኑ ነው ብዬ ዋሸሁዎት። ኡስታ ኑሩም ጥፋቱ የኔ ነው ያሉት ለኔ ብለው ነው። የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ዋናዋንም ያጠፋኋት እኔ ነኝ።»

«አውቅ ነበር።»

«እንዴት ያውቃሉ?»

«ኑሩ መጨረሻውን ሳይሰማ አይሸጥማ።» ቢላዋው እንደገና ተንቀሳቀሰ።

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«እስክትመጣ ነዋ። ሾዋክ ምን ያህል ሩቅ ነው፣ ልጄ?»

መሬት መሬት እያየሁ የሎሪውን ነገር ነገርኳቸው። «ስሙ» ሲል ሰው ሁሉ የራሱን እንደሚጠራ፣ የራህማ እናት ባሏን እንደምትጠራ።

«ሁሉም?» አሉ።

«ሁሉም ነው ያለችኝ።»

ባሚያውን ወደ ጎን ገፋ አደረጉት። «ወንድሜ ብቻውን ነበር የቀረው» አሉ። «ከግራሩ ሌላ ጎረቤት አልነበረውም። እኔን ሲያንገበግበኝ የኖረው ሞቱ አይደለም፣ ብቸኝነቱ ነው። ለካ ይኼን ሁሉ ሰው ጎኑ አስተኝተውለታል።»

ራህማ እንደ እርስዎ ቀስ ብላ ትዝፈነው ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«አይ፣ ትሩጥ። እኔ ቀስ ያልኩት እግሬ ቆስሎ ነው። እሷ ጫማ አላት። ስሙ ላይ ግን እንዳደረገችው ትቁም። ሰው የየራሱን ጠርቶ ይጨርስ። ከዚያ የኔን ትጥራው፣ መጨረሻ ላይ። እንግዳ ነው የሚቀድም።»

ከዚያ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው የመጨረሻውን ስንኝ ዘፈኑት፣ በዚያው በጥንቱ አካሄዳቸው። ሲጨርሱ ቶሎ አልዘጋሁትም። ወደ ጫፉ ሄጄ ሰማሁት። ስሙ ሙሉውን አለ። ለራህማ ላክሁት።

ለሬዲዮው የላክሁት አስተያየት አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ «አምስተኛው አልበም አላለቀም፤ እስኪያልቅ ጠብቁ።» ሲያስተላልፉት «አላለቀም» ላይ ቆረጡት። አድማጮቹ ብዙ ሰደቡኝ። ስለ መቆረጥ የማማርር የመጨረሻው ሰው እኔ ነኝ። ሽልማቱን ማን እንደወሰደም አሁኑኑ ልንገርና እንገላገል፤ ስለ አገር የዘፈነው ወሰደ።

ሐሙስ ከሰዓት የድሮ ሱቄ በር ላይ ካሉት የሻይ አግዳሚዎች ባንዱ ላይ ስልኬን አስቀመጥኩ። ኢንተርኔት የሚጠብቀው ሰው ተሰበሰበ፤ አጫጆች፣ ተሸካሚዎች፣ ከሰፈሩ የመጡ ሴቶች። «የዚህ ዘፈን ባለቤት እትዬ ደብሬ ናቸው፣ ሾዋክ ናቸው» አለች ራህማ። ከዚያ በኔ ግማሽ ዙር ሮጠች። ሦስቱን ጠራች። «የተውኩት ወንድሜ፣ ስሙ—» አለችና ቆመች።

አቅራቢው ያለቀ መስሎት ለማመስገን ጉሮሮውን ሲጠርግ ተሰማ። አግዳሚው ላይ ግን አንድ ሽማግሌ የሴት ስም ጠራ። ሻይ የምትቀዳው ሴት ድምጿን ዝቅ አድርጋ የልጇን ጠራች። አንድ ተሸካሚ ሁለት ስም ጠራ። ከሰልፉ አንድ ሱዳናዊ፣ አማርኛ የማይሰማ፣ ነገሩ ገብቶት የራሱን ጨመረ። እኔ በሾዋክ በድምፅ ማጉያ ስንት ስም ጠርቼ ያለፍኩ ሰው፣ «ኑሩ» አልኩ። አላለፍኩም።

ሁሉም ሲያበቃ ስልኩ ውስጥ ያለችው ልጅ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትሮጥ፣ ጨረሰችው፦

«ስሙ ዋሴ ነበር።»